ቅጠሉ ሲመሰገን ውሃው ተረሳ

ባለፈው ሰኔ አንድ ሌሊት ሆዴ ተገለባበጠ። የበላሁት እራት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ተመልሶ ወጣ፤ ከዚያ እስኪነጋ በአልጋዬና በመጸዳጃ ቤቱ መካከል ስመላለስ አደርኩ። የምኖረው የጋራ ግቢ ውስጥ ነውና ጠዋት ወሬው ከእኔ ቀድሞ ተነስቶ ጠበቀኝ። የፊት ለፊቷ እትዬ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ጨብጠው መጡ። ከጎናቸው ያሉት እናት ፌጦ በሎሚ ለውሰው ሊያጎርሱኝ ማንኪያ አነሱ። ጡረታ የወጡት ጋሼ ገና ከበር ሆነው "ይሄማ የታወቀ አሜባ ነው" አሉና ከመሳቢያቸው የተረፈ ፍላጂል አቀበሉኝ። ወጣቱ ተከራይ ከሱቅ ቀዝቃዛ ስፕራይት ይዞልኝ መጣ። አክስቴ ብቻ ምንም ሳትል ወጥ ቤት ገባች። ቀጭን አጥሚት በጨው አፍልታ፣ "ባትፈልግም ፉት በል" እያለች፣ በሻይ ብርጭቆ እየቀዳች ስታጠጣኝ ዋለች።

በሦስተኛው ቀን ድኜ በረንዳ ላይ ብቅ ስል፣ ያዳነኝ ማን እንደሆነ ክርክር ተነሳ። እትዬ ለጤና አዳሙ ቆሙ፤ ጋሼ ለክኒናቸው (አልዋጥኩትም፤ ግን አልነገርኳቸውም)። አጥሚቱን ያነሳ ሰው አልነበረም፤ አክስቴም አልተከራከረችም። ይህን ዳሰሳ የጻፍኩት ከዚያ ክርክር በኋላ ነው። በየቤታችን ለተቅማጥና ለትውከት የምንሰጠው ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ቢመዘን የትኛው ይሠራል? የትኛውስ ያዳነን መስሎ ይጎዳናል?

መጀመሪያ በሽታውን በስሙ እንጥራው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን "ስቶማክ ፍሉ ያዘኝ" ይላሉ። አገር ቤት "ሆዴን ብርድ መታኝ"፣ "ምግቡ አልተስማማኝም" እንላለን። ብርድም ፍሉም ግን የሉበትም። ኢንፍሉዌንዛ የመተንፈሻ አካል በሽታ ነው፤ የያዝነው ጉዳይ የጨጓራና የአንጀት መቆጣት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚያመጡት ቫይረሶች ናቸው። ሁለቱ ስመ ጥር ኖሮ ቫይረስና ሮታ ቫይረስ ይባላሉ። ኖሮ ስሙን ያገኘው ኖርዎክ ከተባለች የኦሃዮ ከተማ ነው። በ1968 (የውጭ ታሪኮችን ዓመት እዚህ የምጠቅሰው እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው) በዚያች ከተማ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ አስመለሰው፤ ከዚያ ከተሰበሰበው ናሙና በ1972 አልበርት ካፒኪያን የተባለ ተመራማሪ ቫይረሱን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አየው። ሮታን ደግሞ በ1973 ሜልበርን ውስጥ ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቿ ከታመሙ ሕጻናት አንጀት በተወሰደ ናሙና ላይ አገኙት። ቅርጹ መንኮራኩር ስለሚመስል በላቲኑ ቃል ሮታ ተባለ።

ኖሮ ቫይረስ ትልቅ ትንሽ አይልም፤ ከገባ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፤ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን አሰቃይቶ ይለቃል። ሮታ በዋናነት የሕጻናት ጠላት ነው፤ እስከ ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ለሮታ ክትባት አለው፤ ኢትዮጵያም በ2006 ዓ.ም. መደበኛ ክትባት ውስጥ አስገብታዋለች፤ በስድስተኛውና በአሥረኛው ሳምንት በአፍ ጠብ የሚደረገው እሱ ነው። ከያዘ በኋላ ግን ሁለቱንም ቫይረሶች የሚገድል መድኃኒት ፋርማሲም የለም፣ ጓሮም የለም። ሰውነት ራሱ ታግሎ ያስወጣቸዋል። ስለዚህ ማንም ባይመጣልኝ ኖሮም በሦስተኛው ቀን መነሳቴ አይቀርም ነበር። እዚህ ላይ ነው የቤት መድኃኒት ሁሉ ዝና የሚሠራው፤ በራሱ የሚለቅ በሽታ ላይ ምንም ነገር ብትሰጥ የመጨረሻው የተሰጠው ነገር ይመሰገናል።

ታዲያ ይህ ቀላል በሽታ ሰው የሚገድለው በምንድን ነው? በድርቀት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ተቅማጥ በየዓመቱ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ከ440 ሺህ በላይ ሕጻናትን ይገድላል፤ አብዛኞቹን የወሰዳቸው የጀርሙ ጭካኔ ሳይሆን የወጣው ውሃና ጨው በጊዜ አለመተካቱ ነው። ቫይረሱ የትንሹን አንጀት ሽፋን ሲያቆስል፣ መምጠጥ የነበረበት ፈሳሽ ሳይመጠጥ ይወርዳል፤ ከውሃው ጋር ሶዲየሙና ፖታሲየሙ አብሮ ይሄዳል። እንግዲህ የቤት መድኃኒቶቻችንን ሁሉ የምመዝንበት ሚዛን ይሄው ነው፤ የወጣውን ይመልሳል ወይስ አይመልስም? "ተቅማጡን ቀጥ ያደርጋል?" የሚለው የሰፈሩ ሚዛን ብዙ ጊዜ አሳስቶናል።

በዚህ ሚዛን አንደኛ የሚወጣው ጨውና ስኳር ነው። ታሪኩ ደግሞ ከየትኛውም የመድኃኒት ታሪክ ይልቅ ደስ ይለኛል። በ1960 ሮበርት ክሬን የተባለ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ፕራግ ላይ በተደረገ ስብሰባ፣ በአንጀት ግድግዳ ላይ ስኳርና ሶዲየም ተያይዘው የሚገቡበት በር እንዳለ አስረዳ። ሁለቱ ሲገቡ ውሃ ይከተላቸዋል። ያልተጠበቀው ነገር፣ ተቅማጡ በበረታበት ሰዓትም ያ በር ሥራውን አያቆምም። ጨው ብቻውን በበሩ እንደልቡ አያልፍም፣ ስኳር ብቻውንም አይበቃም፤ አብረው ሲሆኑ ነው። በ1968 ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ ዳካ ውስጥ ይህን በኮሌራ በሽተኞች ላይ ፈትነው እንደሚሠራ አሳዩ፤ ሐኪሞች ግን በአፍ የሚጠጣ ነገር በደም ሥር የሚሰጠውን ግሉኮስ ይተካል ብለው ለማመን ዳተኛ ሆኑ።

ያሳመናቸው መከራ ነው። በ1971 የባንግላዴሽ ጦርነት ሚሊዮኖችን ወደ ህንድ አሰደደ፤ ባንጋኦን በተባለች የድንበር ከተማ ሆስፒታል የኮሌራ በሽተኛ ወለሉን ሞላው፤ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለው ሐኪም ጨው፣ ቤኪንግ ሶዳና ግሉኮስ በውሃ በጥብጦ በበርሜል አቀረበ፤ ለበሽተኛው የሚያጠጣው ነርስ ስላልነበረ እናት ለልጇ፣ ወንድም ለእህቱ እየቀዳ ሰጠ። ሠላሳ በመቶ ገደማ የነበረው ሞት ከአራት በመቶ በታች ወረደ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ1978 ይህን ግኝት ምናልባት የክፍለ ዘመኑ ትልቁ የሕክምና እርምጃ ሊሆን ይችላል አለው። ማሃላናቢስ በ2022 ሲያርፍ ኖቤል አልተሰጠውም ነበር።

ከዚያ ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ ድርጅት ሥራውን ወደ ጓዳ አወረደው። ከ1980 እስከ 1990 ድረስ ሴት ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ከ12 ሚሊዮን ለሚበልጡ ቤተሰቦች "ሎቦን ጉር" የተባለውን ውህድ አስተማሩ፤ በሦስት ጣት ቆንጠር ጨው፣ በእፍኝ ጥቁር ስኳር፣ በግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ። የሚያስደንቀው የደመወዙ አከፋፈል ነው። ሠራተኛዋ የሚከፈላት በጎበኘችው ቤት ብዛት አልነበረም፤ ቆይቶ ሌላ ሰው ሄዶ ሲጠይቅ እናቶቹ ትምህርቱን ምን ያህል እንዳስታወሱ ታይቶ ነበር። እኛ አገር ስንት የጤና ትምህርት "ለይህን ያህል ሰው ተሰጠ" ተብሎ በሪፖርት እንደሚዘጋ ሳስብ፣ በዚያች አሠራር እቀናለሁ።

የእኛው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ በፋርማሲ ስሙ ኦ አር ኤስ፣ የዚሁ ታሪክ ልጅ ነው። ቀመሩ በ2002 ተሻሽሎ ጨውም ስኳርም ተቀንሶለታል፤ በአንድ ሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት። ከረጢቱ ከተገኘ ከሱ የሚሻል የለም። በአንድ ሊትር ውሃ ሙሉውን ከረጢት እንጂ በአንድ ብርጭቆ ግማሹን አይበጠብጡ፤ ሲበጠበጥም ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይ። ከረጢት ከሌለ አንድ ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ ይፈልጉ፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ የታከመ ውሃ ይሙሉት፤ በሻይ ማንኪያ አናቱ የተላጨ ስድስት ስኳርና ግማሽ ማንኪያ ጨው ይጨምሩ። ስኳሩ ትንሽ ቢዛነፍ ብዙ አያሳስብም። ጨው ግን አይቀለድበትም፤ የበዛ ጨው ሕጻንን ይገድላል። የድሮዎቹ አስተማሪዎች የሰጡት መመዘኛ ጥሩ ነው፤ ቀምሰው ከእንባ የበለጠ ጨው ካለው ይድፉትና እንደገና ይሥሩ።

አጠጣጡም ዕውቀት ነው። የሚያስመልሰው ሰው ጠምቶት አንድ ብርጭቆ ግጥም ሲያደርግ መልሶ ያወጣዋል፤ ከዚያ ቤተሰቡ "ምንም አልረጋለትም" ብሎ ማጠጣቱን ይተዋል። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ያህል ይታገሱ፤ ከዚያ በየሁለት ሦስት ደቂቃው አንድ ማንኪያ። አሰልቺ ነው፤ ግን ይሠራል። ልጅ ከሆነ ባስቀመጠው ቁጥር፣ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ተጨማሪ ይሰጠዋል። ለሕጻን ዚንክም አለ፤ ከስድስት ወር በላይ ለሆነው በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ ለሚያንሰው 10 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ተቅማጡ ቢቆምም ዚንኩ አይቋረጥም። ኦ አር ኤሱም ዚንኩም ጤና ኬላ ይገኛሉ። ይህን ሁሉ እያወቅን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ተቅማጥ ከያዛቸው የኢትዮጵያ ሕጻናት ኦ አር ኤስ ያገኙት 30 በመቶ ገደማ ብቻ እንደነበሩ መዝግቧል።

አሁን ወደ አክስቴ አጥሚት። ከኦ አር ኤስ ቀጥሎ ከወጥ ቤታችን አንደኛ የምለው እሱን ነው፤ ይህንንም የምለው ዘመዴ ስለሆነች አይደለም። የእህል ስታርች ማለት ተሳስሮ የተከማቸ ግሉኮስ ነው፤ አንጀት ውስጥ ቀስ እያለ ይፈታል። ስኳር በአንድ ጊዜ ሲበዛ ውሃ ወደ አንጀቱ ይስባል፤ የተቀቀለ እህል ግን ያን ሳያደርግ ለዚያ በር የሚያስፈልገውን ግሉኮስ ጠብ እያደረገ ያቀርባል። በሩዝ ዱቄት የተሠራ ፈሳሽ በኮሌራ በሽተኞች ላይ ተፈትኖ የተቅማጡን መጠን እንደሚቀንስ የታየው በዚሁ ምክንያት ነው። የአጃ ወይም የገብስ አጥሚት ቀጠን ብሎ፣ ትንሽ ጨው ገብቶበት ሲፈላ፣ ከሳይንሱ ጋር ሳይተዋወቅ እዚያው ደርሷል። በሶ በጨው ተበጥብጦ፣ የሩዝ ውሃ፣ ቀጭን ሙቅ፣ በጉራጌና በሲዳማ ቤት የቡላ ገንፎ ላላ ተደርጎ፣ የዶሮ መረቅ ጨው ያለው፤ ሁሉም የዚህ ቤተሰብ ናቸው። አሬራም ጨው ጣል ቢደረግበት እዚህ ይገባል፤ ከፈላ ወተት የተሠራ እስከሆነ ድረስ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ለአራስ እንደሚደረገው ቅቤና ቅመም የተጨመረበት አጥሚት ለተገለባበጠ ሆድ አይሆንም። ቅባቱ ማቅለሽለሹን ያባብሳል።

ስፕራይቱስ? የከተማው ሰው ሆዱን ባመመው ቁጥር ለስላሳ ይጠራል። ጋዙ ሲያስገሳ እፎይታ ይሰማል፤ ስሜቱ እውነት ነው። ግን ለስላሳ መጠጥ ከመቶ ሚሊ ሊትር አሥር ግራም ገደማ ስኳር ይዞ ጨው የለውም ማለት ይቻላል። ስኳሩ ከኦ አር ኤሱ ብዙ እጥፍ ስለሆነ ውሃ ወደ አንጀት እየሳበ ተቅማጡን ሊያበዛ ይችላል። እዚህ ላይ ግን ፍትሐዊ ልሁን። በ2016 ቶሮንቶ ውስጥ 647 ሕጻናት ላይ የተደረገ ጥናት፣ ቀላል ሕመም ለያዛቸውና ብዙ ላልደረቁት ልጆች በእኩል ውሃ የተቀጠነ የአፕል ጭማቂና ከዚያ የወደዱትን መጠጥ መስጠት ከኦ አር ኤስ የተሻለ ውጤት እንዳሳየ ዘግቧል፤ ምክንያቱ ልጆቹ የሚጣፍጣቸውን ስለጠጡ ነው። ያ ጥናት የተደረገው በደንብ የተመገበ ሕጻን ባለበት፣ ሆስፒታሉ አጠገብ በሆነበት አገር ነው፤ ለአቅመ ቢሱና ለከሳው ልጅ አይሠራም። ለጤነኛ ጎልማሳ ግን ትምህርት አለው፤ ኦ አር ኤሱ አንገሽግሾት ምንም ከማይጠጣ፣ ለስላሳውን በእኩል ውሃ አቅጥኖ፣ ጋዙን አስወጥቶ፣ ከጎኑ ጨው ያለው መረቅ ቢወስድ ይሻለዋል።

የቡና ዱቄት በማር መላስ የቆየ የተቅማጥ መድኃኒታችን ነው። ስለ ቡናው ብዙ የምለው የለኝም፤ ካፌይን አንጀትን የሚያነቃቃ ነገር ስለሆነ ለዚህ ሰዓት አልመርጠውም። ማሩ ግን ታሪክ አለው። በ1985 ደርባን፣ ደቡብ አፍሪካ፣ 169 ሕጻናት ላይ በተደረገ ጥናት፣ በኦ አር ኤሱ ውስጥ በግሉኮስ ፋንታ ማር ሲገባ በባክቴሪያ የመጣው ተቅማጥ ፈጥኖ ቆመ፤ በቫይረስ በመጣው ላይ ግን ልዩነት አላመጣም። ስለዚህ ማር በስኳር ፋንታ ቢገባ ጉዳት የለውም። አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ግን በጭራሽ፤ ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም ዘር ለጨቅላ አንጀት መርዝ ነው። አዲስ የተወለደ ልጅን ማር ማላስ የለመዱ ቤቶች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

ወደ ቅጠላቅጠሉ ስንመጣ በጣም አሳማኙ ዝንጅብል ነው። የማቅለሽለሽ ስሜትን እንደሚያረግብ በነፍሰ ጡሮች ላይ በብዙ ጥናት ታይቷል፤ ጣሊያን ውስጥም የአንጀት ሕመም በያዛቸው ሕጻናት ላይ ተፈትኖ ማስመለሱን ቀንሷል። ተቅማጡን አያቆምም። ትውከቱን ካበረደ ግን ኦ አር ኤሱ እንዲረጋ መንገድ ይከፍታል፤ ለእኔ ዋጋው እዚያ ላይ ነው። ተቀጥቅጦ በውሃ የፈላ ቀጭን ዝንጅብል፣ ለብ ሲል በትንሽ በትንሹ። ጦስኝና ናናም እንደ ሻይ ሲፈሉ ደስ የሚል ትኩስ ውሃ ናቸው፤ ይህን ስል እያጣጣልኩ አይደለም፤ የታመመ ሰው ውሃውን የሚጠጣው ለመዓዛው ብሎ ከሆነ መዓዛው ሥራውን ሠርቷል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ድንገተኛ ነው። ስሙ ራሱ ሕመሙ ነው፤ በድንገት ለሚመጣ የሆድ ቁርጠትና ትኩሳት ገበያ ላይ የሚሸጥ ቀጭን ሥር ነው። እያኘኩ ውሃውን ይውጡታል። የድሮ ተጓዥ በከረጢቱ ይዞት ይሄድ ነበር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ምርምር የሥሩ የውሃ ጭማቂ በቤተ ሙከራ የእንስሳ አንጀት ጡንቻን መኮማተር እንደሚያላላ ታይቷል። ቁርጠት ማለት የአንጀት ጡንቻ መጨምደድ ነውና፣ ሥሩን ያኘኩ ሰዎች "ለቀቀኝ" ሲሉ ከንቱ ወሬ አላወሩም ማለት ነው። ከቤተ ሙከራ አንጀት እስከ በሽተኛ ሰው ሆድ ግን ሩቅ መንገድ ነው። ቢሠራም ደግሞ የሚያስታግሰው ቁርጠቱን ነው፤ የወጣውን ውሃ አይመልስም። ድንገተኛ እያኘከ ኦ አር ኤስ የሚጠጣ ጎልማሳ ቢያጋጥመኝ ምንም አልለውም። ሥሩን ብቻ ይዞ የተኛውን እቀሰቅሰዋለሁ።

ጤና አዳም ስሙ ያማረ፣ በጀበና ቡና ላይ የማይጠገብ ቅጠል ነው፤ አንድ ዘለላ ሲኒ ውስጥ ማለት ሌላ፣ ጨምቆ መጠጣት ሌላ ነው። ጭማቂው ማሕፀን ስለሚያነቃቃ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው፤ ለሕጻንም አይገባም። ፌጦና ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ባዶና የቆሰለ ጨጓራ ላይ እሳት ናቸው፤ የፌጦዋን እናት ማንኪያ በዘዴ ያመለጥኩት ለዚህ ነው። ዳማከሴ የምች ነው፣ ከዚህ ጉዳይ ነፃ ይሁን። ተልባ ሆድ ለደረቀበት ሰው ነው። ኮሶ፣ መተሬና እንቆቆ የኮሶ ትል ማስወጫ ናቸው፤ ራሳቸው የሚያስቀምጡ ስለሆኑ፣ "ሆዴን ልጠበው" ብሎ በተቅማጥ ላይ የሚጨምራቸው ሰው በእሳት ላይ ጋዝ ያርከፈክፋል። አረቄ በነጭ ሽንኩርትም የዚሁ ወገን ነው፤ አልኮል ራሱ ውሃ ያሸናል።

አሁን ብዕሬ የሚከብድበት ቦታ ደረስኩ። የሕጻን እርግብግቢት ወደ ውስጥ ሲጎደጉድ እናቶቻችን ከማንኛውም ሐኪም ቀድመው ያዩታል። ምልክቱን ማየታቸው ትክክል ነው፤ ከድርቀት ምልክቶች አንዱ እሱ ነውና። ስሕተቱ መፍትሔው ላይ ነው፤ ቅቤ አናቱ ላይ ይደረግና ይጠበቃል። የጎደለው ውስጥ ነው፤ ቅቤው ከላይ ነው። ከዚያ የባሰም አለ። ልጁ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው "ግጉ ነው" ተብሎ ገና ያልወጣ የወተት ጥርሱ በስለት ይነቀላል፤ ወይም እንጥሉ ይቆረጣል። ልጁ ሲያገግም ቆራጩ ይመሰገናል፤ እንደ ጤና አዳሙ መሆኑ ነው፤ በራሱ የሚለቅ በሽታ። ደም ሲፈሰው፣ ሲመረቅዝ ወይም በቴታነስ ሲያዝ ግን "ዕድሉ ነው" ይባላል። ጥርስ ማብቀል ተቅማጥ አያመጣም። በዚያ ዕድሜ ልጁ መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚያስገባበት፣ ተጨማሪ ምግብ የሚጀምርበት ጊዜ ስለሆነ ሁለቱ ተገጣጠሙ እንጂ።

ጋሼ ላይም አንድ ቃል አለኝ። በከተማችን ተቅማጥ ሁሉ አሜባ ነው፤ አሜባ ሁሉ ደግሞ ፍላጂል ነው። አሜባ አለ፣ ጃርዲያም አለ፤ ሁለቱም በሰገራ ምርመራ ይለያሉ። በድንገት ከትውከት ጋር መጥቶ በሁለት በሦስት ቀን የሚለቀው ግን ብዙውን ጊዜ ቫይረስ ነው፤ ፍላጂልም ሲፕሮፍሎክሳሲንም አይነኩትም። የሚነኩት የአንጀትን ጠቃሚ ባክቴሪያ ነው። ተቅማጥ ማቆሚያው ሎፔራማይድም ለልጅ አይሰጥም፤ ደም ለታየበት ሰውም እንዲሁ። ስለ እርጎ ብዙ ይወራል፤ ጠቃሚ ባክቴሪያ በዱቄት መልክ ተሰጥቶ ውጤቱን ለማየት አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ተደርገው በ2018 ሲታተሙ፣ ሕጻናቱን ፈጥኖ እንዳላዳናቸው ታይቷል። እርጎ ግን ምግብ ነው፤ ከተስማማ ይበላ።

ምግብ ስል፣ "ሆዱ ይረፍ" ብሎ በሽተኛን ማስራብ ይቅር። ትውከቱ ጋብ ሲል ሩዝ፣ ሙዝ፣ ድንች፣ በአልጫ የራሰ ፍትፍት መጀመር የቆሰለውን አንጀት ይጠግነዋል። በርበሬና ቅባት ጥቂት ቀን ይቆዩ። ጡት የሚጠባ ልጅ ጡቱ ለአንድ ሰዓትም አይቋረጥበት፤ እንዲያውም ይደጋገምለት። የላም ወተት ለአንዳንድ ሰው ከበሽታው በኋላ ጥቂት ቀናት ሊከብደው ይችላል፤ ያልፋል።

የቤት መድኃኒት የሚያበቃበት መስመር ግልጽ ነው። ሰገራ ላይ ደም ሲታይ፤ የሚጠጣው ሁሉ ተመልሶ ሲወጣ፤ ዓይን ሲሰረጉድ፣ ልጅ እያለቀሰ እንባ ሲያጣ፣ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሽንት ሲጠፋ፤ የሆድ ቆዳ በጣት ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ሲመለስ፤ ሰውየው ሲፈዝ፤ ትኩሳቱ ሲበረታ። ሕጻኑ ሁለት ወር ካልሞላው፣ በሽተኛው ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊ ወይም የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ እነዚህን ምልክቶች እስኪያዩ መጠበቅም አያስፈልግም። የሩዝ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ሳያቋርጥ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ አተት ነው ብለው ይነሱ። አተት ስንል ብዙ ጊዜ ኮሌራን በጨዋ ስሙ እየጠራነው ነው፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ባሌ ላይ የተቀሰቀሰው ወረርሽኝ ከዚያ በኋላ ወደ ብዙ ክልሎች ተዛምቷል። ኮሌራ ጎልማሳን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ወደ ጤና ጣቢያ በሚሄዱበት መንገድ ላይም ማጠጣቱ አይቋረጥ።

ስለ እጅ መታጠብ ሁሉም ያውቃል ብዬ ላልፈው ነበር፤ አንድ ነገር ግን ብዙዎች አያውቁም። ሳኒታይዘር ኖሮ ቫይረስን በደንብ አይገድልም። ሳሙናና የሚፈስ ውሃ ነው የሚያስፈልገው፤ ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት በረኪና። የዳነ ሰውም ቫይረሱን ከሰገራው ጋር ለሳምንታት ሊያወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ታሞ የተነሳ ሰው ቢያንስ ሁለት ቀን ለቤተሰቡ ምግብ ባያበስል ጥሩ ነው።

በግቢያችን የተነሳውን ክርክር በተመለከተ፣ ፍርዴ ለአክስቴ ነው፤ ጨው የነበረው ብርጭቆ የሷ ብቻ ነበር። እርስዎም ይህን አንብበው ሲጨርሱ ፋርማሲ ጎራ ብለው ሁለት ከረጢት ኦ አር ኤስ ይግዙ፤ ከጨው ዕቃዎ አጠገብ ያስቀምጡት። በሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ፋርማሲ ክፍት አይሆንም።